ምዕራፍ 7፦ ዘፈኑ የአባቱን ስም የተካበት ልጅ

በአገራችን የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል ነገር የለም። ሰው ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ሲገፋም የአያቱ ስም አለው፤ አበቃ። መታወቂያ ላይ የሚሰፍረው፣ ችሎት ሲጠራ የሚሰማው፣ መርዶ ሲነገር የሚባለው ይኸው ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስም በእጃችን ያለ አይደለም፤ ሳንወለድ ያለቀ ጉዳይ ነው። በ1939 ዓ.ም አካባቢ ድሬዳዋ ላይ የተወለደው አሊ ሙሐመድ ሙሳ ግን ይህን ሥርዓት ሳያስበው ጣሰው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መግቢያ ላይ ሳለ አንድ ዘፈን ዘፈነ። ከዚያ ወዲያ የሙሐመድ ልጅ ብሎ የሚጠራው ጠፋ። ሰው ሁሉ በዘፈኑ ጠራው። ስልሳ ዓመት ያህል አልፎ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም አዳማ ላይ ሲያርፍም አገር የተረዳው በዚያው ስም ነው፦ አሊ ቢራ።

ዘፈኑ «ቢራ ዳ በሪኤ» ይባላል። ቢራ በኦሮምኛ ክረምቱ ወጥቶ፣ ደመናው ተገፎ፣ ምድር አበባ የምትለብስበት ወቅት ነው፤ እኛ መፀው ብለን በመጽሐፍ፣ ጸደይ ብለን በአፍ የምንጠራው የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ። (ር ጠብቆ ይነበባል። ላልቶ ሲነበብ ነገሩ ወደ ጠርሙስ ይሄዳል፤ በዚህ የተቀለደውን ቀልድ ብዛት አሊ ራሱ ሳይሰለቸው አልቀረም።) ዘፈኑ የወቅት ዘፈን ነው። የመብራትና የንጋት ዘፈን ነው። ፖለቲካ የለበትም፤ ቢያንስ በቃሉ የለበትም።

አሊ ቢራ የአንድ ዘፈን ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ከዚያ በኋላ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛና በስዋሂሊ የተጫወታቸው ሥራዎች አንድ መደርደሪያ ይሞላሉ። የሙዚቃ ሰዎች ብልጫ የሚሰጧቸውም በኋላ በአዲስ አበባ ባንዶች ታጅቦ የሠራቸውን ነው። እዚህ የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ሥራ ተከማችቶ እንኳ ያንን የመጀመሪያውን የልጅነት ዘፈን ከስሙ ላይ ሊያነሳው አልቻለም። በሬዲዮ ያልተላለፈ፣ በሸክላ ያልታተመ፣ ጋዜጣ ያልጻፈለት ዘፈን እንዴት ይህን ያህል ሥር ሰደደ? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ከዘፋኙ ይልቅ ከተማው ነው።

*

ደቻቱን ወንዝ ብሎ መጥራት ለማያውቀው ሰው ማሳሳት ነው። በዓመቱ አብዛኛው ቀን ውኃ አይታይበትም፤ ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍል ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ሸራውን ይዘረጋበታል፣ ድልድዩ የራቀበት በእግሩ ይሻገረዋል። ግን ከደንገጎ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ዝናብ ሲጥል፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ግንድና ድንጋይ የሚያንከባልል ጎርፍ ድንገት ይደርሳል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም ሰው በተኛበት የመጣው ጎርፍ ወደ 250 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ገድሎ ሺዎችን ያለ ቤት አስቀርቷል። የድሬ ሰው ክረምትን የሚፈራው በዚህ ምክንያት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደስ የሚለውም ገበሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቢራ ሲገባ አሸዋው ተመልሶ አሸዋ ይሆናል።

ከአሸዋው ወዲህና ወዲያ ሁለት ከተማ አለ። በአንደኛው ወገን ከዚራ፦ የባቡር ኩባንያው በማስመሪያ የቀየሰው፣ ጥላ ዛፍ የተሰለፈበት፣ ቀጥ ያለ ጎዳና። በሌላኛው መጋላ፦ ጠባብ መንገድ፣ ጥብቅ ግቢ፣ ገበያ፣ መስጊድ። ሁለቱንም የወለደው ሐዲዱ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1895 ዓ.ም እዚህ ሲደርስ ዓላማው ሐረር ነበር። ሐረር ግን ከዚህ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተራራ ላይ ተቀምጣለች፤ በዚያ ዳገት ሐዲድ ማውጣት ከአቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ባቡሩ ግርጌው ላይ ቆመ፤ በቆመበትም «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ተቆረቆረች፤ ስሙ አልያዘም፣ ከተማው ያዘ። ከሐዲዱ በስተጀርባ ያለው ገንዘብ እያለቀ፣ ኩባንያው እየከሰረና እየተቋቋመ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ድሬዳዋ የመጨረሻው ጣቢያ ነበረች። የመጨረሻ ጣቢያ ደግሞ ሰው የሚወርድበት ቦታ ነው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩ ወረደ። ከዙሪያው ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው መጣ፤ ከመሐል አገር አማራው፣ ጉራጌው ተከተለ። አንድ የድሬ ልጅ እናቱ ጋ በአንድ ቋንቋ፣ ሱቁ በር ላይ በሌላ፣ ቁርኣን ቤት በሦስተኛ፣ ትምህርት ቤት በአራተኛ ቢናገር ማንም ጉድ አይልም። አሊም እንዲሁ አደገ፤ መጀመሪያ ዐረብኛ የሚያስተምሩበት ቤት፣ ቀጥሎ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚያስተምሩበት።

ቋንቋ እንደዚህ ሲደባለቅ ሁሉም ቋንቋ እኩል ይከበራል ማለት አይደለም። በ1950ዎቹ መግቢያ በድሬዳዋ ሠርግ ዑድና ከበሮ ይዘው የሚቀመጡ ወጣቶች ነበሩ። የሚጫወቱት የሱዳን ዜማ፣ የዐረብ ዜማ፣ የሶማሌና የሐረሪ ዘፈን ነው። ኦሮምኛ ሜዳ ላይ አለ፤ ገጠር ወጣ ሲባል ወንድና ሴት ፊት ለፊት ገጥመው አንገትና ትከሻ እያወዛወዙ ሸጎዬ ያስነኩታል። ከተማ ውስጥ ግን ከዑድ ጋር፣ ከአኮርዲዮን ጋር፣ ወንበር ተደርድሮ የሚደመጥ የኦሮምኛ ዘፈን ብርቅ ነበር። የዙሪያውን አብዛኛውን ሕዝብ ቋንቋ የከተማው መድረክ አያውቀውም። ይህ ያንገበገባቸው ወጣቶች ከሰፈር ቡድኖች ተሰባስበው አፍረን ቀሎ የሚባለውን የኪነት ቡድን መሠረቱ። ስሙ ከምሥራቅ ኦሮሞ የዘር ሐረግ የመጣ ነው፤ የቀሎ አራት ልጆች ማለት ሲሆን ኦቦራ፣ አላ፣ ዳጋና ባቢሌ ናቸው። ከመሥራቾቹ አንዱ አሊ ሸቦ ነበር፤ እንደ አቡበከር ሙሳ ያሉ ገጣሚዎችም ቃሉን አቀረቡ።

አሊ ሙሐመድ ወደዚህ ቡድን የገባው ድምፁ ገና ሳይጎረንን ነው። አሊ የሚባል ሰው ሞልቷል፤ በድሬዳዋ አንድ መንገድ ላይ ቆመህ «አሊ!» ብትል አምስት ሰው ዞር ይላል። ቡድኑ ውስጥም አሊ ሸቦ አለ። ትንሹን አሊ ከሌላው አሊ ለመለየት ሰው የያዘው ምልክት ቀላል ነበር፦ ያ ቢራን የሚዘፍነው። በኋላ «የሚዘፍነው» ተቆርጦ ቀረ። ቅጽል ስም ሁሉ የሚወለደው እንዲህ ነው፤ ለክብር ሲባል ሳይሆን ሰውን ከሰው ላለማምታት። ክብሩ ቆይቶ ይደርስበታል።

*

አንድ ዘፈን ተወዳጅ ሆነ ሲባል ዛሬ የምናስበው ስንት ጊዜ ታየ፣ ስንት ሰው አወረደው የሚለውን ነው። በዚያ ዘመን የነበረውን ሁኔታ እንይ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በ1940 ዓ.ም በወጣ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር ጥሶ የግል የሸክላ ማሳተሚያ ያቋቋመው የአዲስ አበባው ወጣት አምሃ እሸቴ ነው፤ እሱም በ1961 ዓ.ም። ካሴት ገና አልመጣም። የመንግሥት ሬዲዮ የኦሮምኛ ፕሮግራም አልነበረውም። ስለዚህ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ የድሬዳዋ ልጅ በኦሮምኛ የዘፈነው ዘፈን በየትኛውም የታወቀ መንገድ ሊሰራጭ አይችልም ነበር። የዚያ የመጀመሪያ ቀን ድምፁ በሸክላ የለንም። ዛሬ የምንሰማው ቢራ የጎልማሳ ድምፅ ነው።

ግን ሠርግ ነበረ። ሠርግን እንደ ድግስ ብቻ የሚያይ ሰው ኃይሉን አይረዳም። በሐረርና በድሬዳዋ አፎቻ የሚባል ማኅበር አለ፤ ለደስታም ለኀዘንም ጎረቤት የሚሰባሰብበት። አንድ ሠርግ ሲኖር የአንድ ቤት ሰው ብቻ አይመጣም። ከመጋላው ከከዚራው፣ ከገጠሩ ከባቡር ጣቢያው ይመጣል፤ ከሐረር፣ ከዐለማያ፣ ከጭሮ ዘመድ ይወርዳል። ሠርጉ ሲያበቃ ያ ሁሉ ሰው ወደየመጣበት ይበተናል፤ የወደደውን ዜማ በአፉ ይዞ። ከሰዓት በኋላ በርጫ፣ ማለትም ጫት ላይ፣ የተቀመጠ ሰው ያንጎራጉረዋል። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ሠርግ ላይ ዑድ የሚመታው ልጅ «ያቺን ዘፈን» ተብሎ ይጠየቃል፤ ካላወቃት አፍሮ ይማራታል። አከፋፋይ የለ፣ ፈቃድ ሰጪ የለ፣ ከልካይም የለ።

የሐረርጌ ሠርግ የሚበዛው ደግሞ መቼ ነው? ክረምቱ ወጥቶ፣ መንገድ ደርቆ፣ እሸት ደርሶ፣ ማሽላው ሊታጨድ ሲቃረብ ወይም ከታጨደ በኋላ ነው። ማለትም ዘፈኑ የሚያወራለት ወቅትና ዘፈኑ የሚዘፈንበት ወቅት አንድ ነው። የፍቅር ዘፈን ፍቅረኛ ሲለያይ ይደበዝዛል፤ የድል ዘፈን መንግሥት ሲለወጥ ይታፈናል። የወቅት ዘፈን በየዓመቱ መስከረም በጠባ ቁጥር ራሱን አድሶ ይመለሳል። እኛም «አበባየሆሽ»ን ማን እንደ ደረሰው ሳንጠይቅ በየዕንቁጣጣሹ የምንሰማው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ የአበባየሆሽ ደራሲ መጥፋቱ፣ የቢራው ዘፋኝ ግን ዘፈኑን ተሸክሞ መዞሩ ነው።

የልጅ ድምፅም የራሱን ሥራ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። ትልቅ ሰው ኦሮምኛን መድረክ ላይ ቢያወጣ አድማጩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይኖራል፤ የሚኮራና የሚፈራ። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ ወጥቶ ስለ አበባና ስለ ንጋት ሲዘፍን ግን ማን ይፈራል? ጨብጭቦ ይቀበለዋል።

*

የቃልን ኃይል ለመመዘን ከዚያው ከተማ ሌላ ታሪክ አለ። ሼክ በክሪ ሳጳሎ፣ በትውልድ ስማቸው አቡበከር ገራድ ኡስማን፣ የሐረርጌ ዓሊም፣ መምህርና ባለቅኔ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም አካባቢ አንድ ትልቅ ሥራ ሠሩ፦ ለኦሮምኛ ራሱን የቻለ ፊደል ፈጠሩ። የዐረብኛውም የግዕዙም የላቲኑም ፊደል የኦሮምኛን ድምፆች ሙሉ በሙሉ እንደማይሸከም አይተው፣ አናባቢውን ከተነባቢው ጋር አጣምሮ የሚጽፍ አዲስ ቅርጽ ቀረጹ። ደቀ መዛሙርታቸው ተማሩት፤ ደብዳቤም ተጻጻፉበት። ባለሥልጣናት ነገሩን ሲሰሙ ግን እንደ አደገኛ ነገር ቆጠሩት። ሼኩ በድሬዳዋ ከቤት እንዳይርቁ ተደርገው ዓመታት ቆዩ። በኋላ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ዘመን ወደ ሶማሊያ ተሰደው በ1972 ዓ.ም በስደተኞች መጠለያ አረፉ። ፊደላቸው ዛሬ የተመራማሪዎች ጉዳይ ነው።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ደረጃ ለመስጠት አይደለም፤ ሼክ በክሪ በዕውቀት ቢመዘኑ አሊ ራሱ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን የሚስም ይመስለኛል። ነገር ግን ፊደል ወረቀት ይፈልጋል፣ ማተሚያ ቤት ይፈልጋል፣ ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ወረቀት ይያዛል፣ ይቃጠላል፣ ማስረጃ ይሆናል። ዘፈን በምን ይያዛል? የሼኩ ቅኔዎችም ቢሆኑ ከፊደላቸው የተሻለ ዕድሜ ያገኙት በቃል ስለሚነገሩ ነው። የሕዝብ ቋንቋ ከጽሕፈት ቤት ሲባረር የሚሸሸገው ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤትና የእናት ጀርባ ላይ ነው፤ የዚያ ዘመን ሹማምንት ለሠርግ ቤት የሚበቃ ንቀት እንጂ ጥርጣሬ አልነበራቸውም። ይህ እስኪገባቸው ዘፈኑ ሄዷል።

ሲገባቸው ግን ዝም አላሉም። ሶማሊያ ነፃ ከወጣች ወዲህ ከሞቃዲሾ በኦሮምኛ የሚተላለፍ ሬዲዮ ነበር፤ ስለዚህ በድሬዳዋ በኦሮምኛ የሚዘፍን የተደራጀ ቡድን በመንግሥት ዓይን ተራ የወጣቶች ጨዋታ ሆኖ ሊቀጥል አልቻለም። አፍረን ቀሎ ታገደ። አባላቱ ገሚሱ ታሰረ፣ ገሚሱ ድንበር ተሻገረ። አሊም ወደ ጅቡቲ ሸሸ፤ በዚያ የነበሩት ፈረንሳዮች ይዘው መለሱት። ከተማውን የወለደው ሐዲድ የሚወስደው ወደዚያው ነበር፤ ለድሬ ልጅ ጅቡቲ የአንድ ቀን መንገድ ናት፤ ያን ጊዜ ግን አልተሳካም።

ከዚያ ያደረገውን ስንሰማ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። በመንግሥት የታገደው ቡድን ልጅ በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ወጥቶ የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ገባ። ክቡር ዘበኛ የንጉሠ ነገሥቱ የጥበቃ ጦር ነው። ጥላሁን ገሠሠ የገነነው፣ ማሕሙድ አሕመድ ዓመታት የዘፈነው እዚያ ነው። ለአንድ ድሃ ሙዚቀኛ ይህ ቤት ምን እንደነበር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ ደሞዝ፣ የደንብ ልብስ፣ ምግብ፣ ከሁሉም በላይ የሰለጠነ የነፋስ መሣሪያ ቡድንና የኖታ ትምህርት። አሊ ዑድ ይዞ መጥቶ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር ተዋወቀ። ኦሮምኛም እዚያ መድረክ ላይ ተዘፈነ፤ ጥላሁንም በኦሮምኛ ዘፍኗል። ያው መንግሥት ድሬዳዋ ላይ የከለከለውን አዲስ አበባ ላይ በራሱ ወታደሮች አዘፈነ። እዚህ ላይ ቅራኔ አለ ብሎ የሚሟገት ይኖራል፤ እኔ ግን ቅራኔ አይታየኝም። የተፈራው ቋንቋው አይደለም፤ ሳያስፈቅድ የተሰባሰበው ሰው ነው።

አሊ ከክቡር ዘበኛ ከወጣ በኋላ የግል ሸክላ በር ተከፍቶ ነበርና በ1963 ዓ.ም አካባቢ አልበም አወጣ፤ ብዙዎች የመጀመሪያው የኦሮምኛ አልበም አድርገው ይቆጥሩታል። በሸክላው ሽፋን ላይ የሰፈረው ስም የድሬዳዋ ሠርግ ያወጣለት ስም ነው። አንድ ዘፈን መጀመሪያ በቃል ተሰራጨ፣ ከዚያ ስም ሆነ፣ ያ ስም ደግሞ ሌሎቹን ዘፈኖች ሸጠ።

*

የዘፈንና የባለቤቱ ነገር እንዲህ ሳያምር የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939፣ እኛ ጣሊያንን በምንዋጋበት ዓመት፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ በጋሎ የሸክላ ኩባንያ ሸክላ የሚያሽግና ወለል የሚጠርግ ሰለሞን ሊንዳ የሚባል የዙሉ ተወላጅ ነበር። ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ይዘፍናል። ኩባንያው ቀረጸውና «ምቡቤ»፣ አንበሳ ማለት ነው፣ የሚለው ዘፈኑ ወጣ። በመጨረሻው ቅጂ ላይ ሊንዳ በቀጭን ድምፅ እዚያው የፈጠራት አንዲት አጭር ዜማ አለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዘፈኑ መቶ ሺህ ያህል ሸክላ ሸጠ። ለሊንዳ የተከፈለው አሥር ሽልንግ ነበር።

ከዚያ ዘፈኑ ባሕር ተሻገረ። አሜሪካዊው ፒት ሲገር ሸክላውን ሰምቶ፣ ቃሉን በሚገባ ሳይለይ «ዊሞዌ» ብሎ አስተዋወቀው። በ1961 ቶከንስ የተባሉ የኒው ዮርክ ወጣቶች የእንግሊዝኛ ግጥም ተጨምሮበት ሲዘፍኑት በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ያዘ። ሊንዳ በቀጣዩ ዓመት በኩላሊት በሽታ ሞተ፤ ለመቃብሩ የሚሆን ድንጋይ ቤተሰቡ ሊገዛ አልቻለም። ዜማው ከዚያ በኋላ በስንት ፊልምና በስንት ማስታወቂያ እንደገባ ለመቁጠር ያስቸግራል፤ የዲዝኒን የአንበሳ ፊልም ካዩ ሕፃናት ውስጥ የማያውቀው የለም። ሪያን ማላን የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ጋዜጠኛ በ2000 ጉዳዩን በዝርዝር ከጻፈ በኋላ ነው የሊንዳ ልጆች ወደ ፍርድ ቤት የሄዱት፤ በ2006 በስምምነት ጉዳዩ ተዘጋ፤ ቤተሰቡም ከዚያ ወዲህ ድርሻ እንዲያገኝ ሆነ።

የሊንዳ ዘፈን ከባለቤቱ ተነጥሎ የሄደው በሸክላ ስለሄደ ነው። ሸክላ ላይ የሚታተም ስም ሊቀየር ይችላል፤ ተቀየረም። የአሊ ዘፈን የሄደው በሰው አፍ ነው፤ ሰው ደግሞ ዜማውን ሲያስተላልፍ «የአሊ» ብሎ አብሮ ያስተላልፋል። ገንዘቡን በተመለከተ ሁለቱም አልተጠቀሙም፤ ስሙን በተመለከተ ግን አሊን ማንም ሊዘርፈው አልቻለም። ዘፈኑን የሰረቀ ሰው የሌባነቱን ማስረጃ በአፉ ይጠራል።

በኋላ አሊ ከአገር ወጣ። ስዊድን፣ አሜሪካ፣ ካናዳ ኖረ። የኦሮሞ ስደተኛ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ሚኒያፖሊስም ቶሮንቶም፣ የአሊ ኮንሰርት የዓመት በዓል ያህል ነበር። ቶሮንቶ ላይ የበረዶው ክረምት ረጅም ነው፤ እዚያ የቢራ ዘፈን ለሰሚው ምን እንደሚያደርገው የተሰደደ ብቻ ያውቀዋል። ከባለቤቱ ጋር ለልጆች ትምህርት ያቋቋሙት ፈንድ ራሱ ቢራ የሚለውን ስም ይዟል። በ2002 ዓ.ም ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ደግሞ ፈረንሳይ አገር የሚታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ስብስብ 28ኛውን ቅጽ ለእሱ ሰጠ። እስከዚያ ቅጽ ድረስ ስብስቡ የአማርኛ ዘፈን ያመዘነበት ነበርና ዘግይቷል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሲያርፍ አስከሬኑ ወደ ድሬዳዋ ተመልሶ በተወለደበት ከተማ ተቀበረ።

አሁን የቀረው የሕግ ጥያቄ ነው፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ቢራ በተዘፈነበት ዘመን አካባቢ፣ በ1952 ዓ.ም፣ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲ የሥራው ባለቤትነት እንደሚገባ የሚገልጹ አንቀጾች ነበሩት፤ ሠርግ ቤት ግን የሚያነባቸው አልነበረም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። በ2007 ዓ.ም የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ዘፈን በሕዝብ ፊት በተጫወቱ ቁጥር ክፍያ ተሰብስቦ ለባለመብቶች የሚከፋፈልበትን መንገድ ከፈተ። ወረቀቱ ላይ ግልጽ ነው። ነገር ግን ክፍያ ለመክፈል «ግጥም የማን? ዜማ የማን? ቅንብር የማን?» የሚሉ ሦስት ባዶ ቦታዎች መሞላት አለባቸው። በ1950ዎቹ የድሬዳዋ ሠርግ ላይ የተወለደ ዘፈን ግጥሙን አንዱ ጀምሮት ሌላው ይጨርሰዋል፤ ዜማው ከሱዳን ይነሳና በሸጎዬ ምት ይመለሳል፤ ዑድ መቺው በየሠርጉ ይለውጠዋል። ሕዝቡ ሦስቱንም ቦታ በአንድ ስም ሞልቶ አልፏል። የዚያ ዘመን ገጣሚዎችና ዑድ መቺዎች ቤተሰቦች ዛሬም ድሬዳዋ አሉ፤ ቅጹን ይዞ መጋላ ገብቶ በርጫ ላይ ካሉት አዛውንት ጋር ተቀምጦ መጠየቅ የሚችል ሰው ካለ ጊዜው አሁን ነው፤ አዛውንቱ በየዓመቱ እያነሱ ነው።